ለተሳፋሪዎች ተናግረው ለቤታቸው ዝም ያሉት ካፒቴን

ካፒቴን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስቱ ልጆች ዝምተኛው እሳቸው ነበሩ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው፣ እስከ ሦስት ዓመታቸው አፋቸውን ባለመፍታታቸው «ዲዳ ነው» ተብሎ ተለቅሶላቸዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1957 ዓ.ም. የበረራ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ተመርቀውም አብራሪ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. በአየር መንገዱ ቢሮ የበረራ ፕሮግራም ትተይብ የነበረችውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። የጋብቻው ጥያቄ ራሱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ አብዛኛውም ስለ አየሩ ሁኔታ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷው ናት። ዛሬ በቀብራቸው ላይ የሚያነብላችሁ የወንድማቸው ልጅም አንድ መስመር እንዳይዘል አደራ ተብሏል።

ሁላችሁም የምታወሩት ነገር የደረሰው በ1979 ዓ.ም. ነው። ካፒቴን ሊያርፉ ሲቃረቡ የአውሮፕላኑ ጎማዎች አልወርድ አሉ። በእጅ ሲሞክሩት የግራው ወርዶ የቀኙ እምቢ አለ። በአንድ እግር ከማረፍ በሆድ ማረፍ ይሻላል ብለው የወረደውንም መልሰው ሰበሰቡት። ነዳጁ እስኪቀንስ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተማውን ዞሩ። ከዚያ አረፋ በተረጨበት ማኮብኮቢያ ላይ አውሮፕላኑን በሆዱ አሳረፉት። ብረቱ እየጮኸ፣ እሳት እየረጨ ተንሸራቶ ቆመ። አንዲት ልብስ ሰፊ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ከመዞሩ በቀር ማንም አልተጎዳም። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ባለቤታቸውም አትከለክልም።

ነገር ግን በዚያ አንድ ሰዓት ካፒቴን መሪውን ለረዳታቸው ሰጥተው፣ ማይክሮፎኑን ይዘው ተሳፋሪዎቹን ሲያጫውቱ ነበር። የሰሙት ሁሉ «አባት ለልጁ እንዲህ አያወራም» ይላሉ። በቤታቸው ግን «ጨው አቀብሉኝ» ካሉ፣ ዛሬ ምን አናገራቸው ይባል ነበር። ምን እንዳሏቸው ባለቤታቸው ጠይቃ አታውቅም፤ ኩራቷ አልፈቀደላትም።

ተሳፋሪዎቹ በየዓመቱ ያን ቀን ይሰበሰቡ ነበር። በሆድ ስላረፉ «የአንድ ሆድ ልጆች ነን» ይላሉ። ሁለቱን አምጣ የወለደችው ባለቤታቸው ቀልዱ አላሳቃትም። የትልቋ ልጃቸው ምርቃት ዕለት እንኳ ካፒቴን ከአንድ ተሳፋሪ ሠርግ ሲመለሱ ፎቶው አምልጧቸዋል፤ ከእናትየዋ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይባላል። ካፒቴን ቀጋስ አልነበሩም፤ አልጋው ግን ለውጭ ተነጥፎ ነበር። ይህ ቅናት ነው የሚል ካለ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። አንዲት ሴት ብትሆን ጠጉሯን መያዝ ይቻል ነበር፤ አንድ አውሮፕላን ሙሉ ሕዝብ በየት በኩል ይያዛል?

ካፒቴን በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። በሆስፒታል ሳሉ ያችው ልብስ ሰፊ ልትጠይቃቸው መጣች፤ ባለቤታቸውንም ፊት ለፊት አይታ፣ «እትዬ፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሰው የሚያጥቡት እውነት ነው?» አለቻት። ከዚያ ካፒቴን በዚያ ሰዓት ያሉትን ነገረቻት፦ «ሚስቴ ወደ ሥራ ስወጣ አትሸኘኝም። ፊቷን እንዳላይባት ጀርባዋን ሰጥታኝ የታጠበ ብርጭቆ ታጥባለች። እንደማውቅባት ነግሬያት አላውቅም፤ ዛሬ ስገባ እነግራታለሁ። እናንተም ስትገቡ ለማን ምን እንደምትነግሩ አስቡ።»

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ቤታቸው ገብተው ለየራሳቸው ሰው ነግረዋል። ካፒቴን ግን ያን ማታ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ባለቤታቸውን ብዙ አዩዋት፤ አዩዋትና «ጎማው አልወርድ ብሎ ዘገየን» ብለው ራታቸውን በሉ። እርቧቸው መስሏት ነበር። በሆስፒታሉ ወደ አልጋው ዞራ «እውነት ነው?» ስትላቸው፣ በዳነው በኩል ባለው ከንፈራቸው ሳቁ። መናገርማ ቀርቷል።

ካፒቴን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ተሳፋሪዎቹ በዚህ የሕይወት ታሪክ ከቤተሰቡ ጋር እንጻፍ ብለው ደጋግመው ሲጠይቁ ባለቤታቸው እምቢ ብላ ነበር። አሁን ተጽፈዋል፤ በነጻ ግን አይደለም። እናንተ ተሳፋሪዎች፣ ያን ቀን የሰማችሁት ለእኔ ተብሎ የተቀመጠ ነው። የምታስታውሱትን ሁሉ አንድ በአንድ ቤት እየመጣችሁ ንገሩኝ፤ ድርሻዬን ሳልሰማ አልሞትም።

አምላክ ነፍሳቸውን ያለ ጭንቅ በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን። እኔ እስክደርስ ድረስ ግን፣ ካፒቴን፣ እዚያ ላገኙት ሰው ሁሉ አውርተው እንዳይጨርሱ አደራ።