ከካሜራው ጀርባ ያለው ሳል

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብራር፣

አሰላሙ ዐለይኩም የኔ ጌታ። ስለ ፊልሙ በስልክ እንዳልጽፍልህ ስለከለከልከኝ ይህን ደብዳቤ ለሰይፈዲን ሾፌሩ እሰጠዋለሁ። እሱ መተማ ያደርሰዋል፤ ከዚያ አንተ ወዳለህበት ወደ ኦምዱርማን የሚሻገር ሰው ይፈልግልኛል።

እኛ ደህና ነን፣ ሱቁም እንዳለ ነው። አባትህ ደውለህ እንደሆነ ለማየት ስልኬን ያገላብጣል። የምጽፍልህን ግን ለእሱም አልነገርኩትም።

እዚያ የቀረጽከው ፊልም ያለበትን ፍላሽ በጥቅምት ስትልክልኝ፣ ፊልሙ እንዳላለቀ፣ የሰዎቹም ፊት ገና እንዳልተሸፈነ፣ ቆልፌበት ለማንም እንዳላሳይ አደራ ብለኸኝ ነበር። አንድ ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ ናፈቅከኝና የጎረቤታችንን የዘመነችን ኮምፒውተር ለምኜ ብቻዬን ከፈትኩት።

አንተ የለህበትም! ሁለት ሰዓት ሙሉ ሴቶች ለሰፈሩ ሰው በትልቅ ድስት ፉል ይቀቅላሉ፣ ወታደር አይግዛን እያሉ ይከራከራሉ። ሰው ይህን ሁሉ ሲቀርጽ ራሱን አንዴ እንኳ አይቀርጽም? ተናድጄ ልዘጋው ስል ከካሜራው ጀርባ ሳልክ። በልጅነትህ ቤቴል ክሊኒክ ያመላለሰኝ ያ ደረቅ ሳል። ሰሀር የምትባለው አስተማሪ ንግግሯን አቋርጣ ውሃ ሰጠችህ። አላህ ይስጣት ብዬ አለቀስኩ።

ያንን አራት ደቂቃ በስልኬ ቀርጬ ጅዳ ላለችው አክስትህ ለሀይፋ ላክሁላት። ሳልህን ሰምታ ዱዓ እንድታደርግልህ ነበር። እሷም ኮርታብህ፣ የእህቴ ልጅ ፊልም ሠሪ ሆነ እያለች ለጓደኞቿ ላከችው። ከጓደኞቿ መካከል ሱዳናውያንም አሉ።

እኔ አንተን ስሰማ የነዚያን ሴቶች ፊት አላየሁም፣ ልጄ። አንተ ያለህበት ቤት በሩም ግቢውም እንደሚታይ ልብ አላልኩም።

ለሀይፋ በላክሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ታጣቂዎች ሰሀርን ከመንገድ ይዘው እንደወሰዷት ጻፍክልኝ። ቀጥለህም «እማ፣ ለሰው አሳይተሻል?» አልከኝ።

«ወላሂ፣ ለማንም» አልኩህ።

በአላህ ስም ዋሸሁህ። ፈርቼ ነው፣ አፍሬም ነው። አንተ ግን አመንከኝ። «ስለጠየቅኩሽ ይቅር በይኝ። ከአንቺ ካልወጣ ቤቱን አያውቁትም፤ እዚሁ እቆያለሁ» አልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክህ ዝግ ነው። ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

ሰይፈዲን፣ ቤቱ ተሰብሮ ባዶውን ቀርቷል ሲባል ሰምቷል። ቢሆንም ውሰድልኝ አልኩት፤ እሺ አለኝ።

አላህ ካለህበት በሰላም ያውጣህ። ሰሀርንም ለእናቷ ይመልሳት።

አሳይቻለሁ ልጄ። ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጣ።

እናትህ ሃጂራ