የአሥራ አንድ ኪሎሜትር ድንበር

ማርች 14፣ ማክሰኞ

እርሻዬ ላይ የፕሪም ዛፎቹ አበቡ። ዝናቡ ግን ጠፍቷል።

ከሰዓት ከዙሄር ጋር ኮረብታው ላይ ያለው ምግብ ቤት። እሱም እኔም ማንንም ሳናስፈቅድ የምንገባበት ሌላ ቦታ የለም። ሁለት መቶ ሜትር ተስማማን፣ ፈረምን።

ማንም የማያነበው ደብተር ስለሆነ አንዴ በግልጽ ልጻፈው… የምንሠራው ድንበር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የሰላም ጥናት ቡድን ሁለት መሬት ቀያሾች ቀጠረ፤ ከእስራኤል እኔን፣ ከፍልስጥኤም እሱን። በእኔና በእሱ መንደር መካከል ያለው አሥራ አንድ ኪሎሜትር ላይ፣ ሰላም ቢወርድ መስመሩ በየት ያልፋል? ሳሉ አሉን። ቡድኑ ፈረሰ። እኛ ቀረን። ዘጠኝ ተኩሉ አልቋል። የቀረው የውኃ ምንጩ ያለበት ነው። እኔ ምንጩ ወደ እኛ ይሁን እላለሁ። እሱ ደግሞ ወደ እኛ ይላል።

ልጄ ሮኒ ትስቅብኛለች። "አባዬ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው እኮ የእናንተ ነገር።" ልክ ሳትሆን አትቀርም። ታዲያ ለምን አልተውም? እንጃ። ጫፉ ያልተገናኘ መስመር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ በቃ።

ማርች 24፣ ዓርብ

ዛሬ፣ በየዓመቱ ለበጋ እንደምናደርገው፣ ሰዓታችንን በአንድ ወደፊት ገፋን። እነሱ ጾም ላይ ስለሆኑ ረመዳን ሳይወጣ አይገፉም። በመኪና አሥር ደቂቃ መንገድ፣ በሰዓት አንድ ሙሉ ሰዓት ልዩነት፤ እኛ አምስት ስንል እነሱ ገና አራት ናቸው።

ዙሄር ደወለ። "አቡ ሮኒ፣ ቁጭ ብለን ከምንጨቃጨቅ ለምን ምንጩን በእግራችን አናየውም?" እነሱ ሰውን የሚጠሩት አቡ፣ የእገሌ አባት፣ እያሉ በወንድ ልጁ ስም ነው። እኔ ወንድ ልጅ የለኝም። ሊያሾፍብኝ የጀመረው ስም በዚያው ጸና።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ፣ መስቀለኛው መንገድ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ።

ማርች 28፣ ማክሰኞ

አራት ሰዓት ያለው በእሱ ሰዓት ነው ብዬ በእኛ አምስት ላይ ደረስኩ። ጾመኛ ሰው ለምን ላቻኩለው? ማቆሚያው ባዶ ነው።

ነዳጅ ማደያው ላይ የሚሠራው ሰውዬ ነገረኝ።

"ቱቦ የያዘውን ዓረብ ነው የምትፈልገው? ወታደሮች ወሰዱት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሦስት አውቶቡስ አሳለፈ፣ አልተሳፈረም። ሰው ቱቦ ይዞ እንዲህ ሲቆም… ማንም ቢሆን ይደውላል።"

"አንተ ነህ የደወልከው?"

ፓምፑን መጥረግ ጀመረ። ቱቦው ውስጥ የነበረው ካርታችን ነው።

ስልኬን ትራክተሩ ላይ ትቼው ወጥቼ ነበር። ዙሄር አንዴ ደውሏል፤ አራት ከሩብ ላይ፣ በእኛ።

ሲያፈጥር ደወለልኝ። ፈተውታል፣ ካርታውንም መልሰውለታል። አፉ ውስጥ ቴምር አለ።

"አቡ ሮኒ፣ በስንት ሰዓት መጣህ?"

"በአራት። በአንተ።"

ቴምሩን ዋጠ። "እኔ ደግሞ በአንተ አራት መጣሁ። ላንተ እንዲመችህ ብዬ።"

እሱ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ወታደሮቹ በመዝገባቸው ስሙ ላይ ምልክት አድርገውበታል፤ ከእንግዲህ ኢየሩሳሌም መግቢያ ፈቃድ አያገኝም።

ማርች 30፣ ሐሙስ

ሚስቱ ፋዲያ ካንሰር ታማለች። በየሦስት ሳምንቱ ኢየሩሳሌም ሆስፒታል መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል። የሚቀጥለው በፋሲካችን ምክንያት አንድ ሳምንት ተገፍቶ ኤፕሪል 18 ነው። አስታማሚዋ እሱ ነው። ልጆቹ ጎረምሶች ናቸው፤ ለእነሱ ፈቃድ አይታሰብም።

"እኔ ላድርሳት" አልኩት።

"ስታስመልስ ፊቷን የሚይዝላት እኔ ነኝ። አንተን ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው ያየችህ። አይሆንም።"

ጥፋቱ የእኔ ነው። የማን ሰዓት ብሎ መጠየቅ ምን ይከብድ ነበር?

ኤፕሪል 4፣ ማክሰኞ

ነገ ፋሲካችን ይገባል፣ የወታደሮቹ የፈቃድ ቢሮ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰለፍኩ። መኮንኗ ከሮኒ ታንሳለች። የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች።

"አንድ ሰዓት ሙሉ ለምን ቆመ?"

"እኔን ሲጠብቅ።"

"እርስዎ የት ነበሩ?"

"ቤቴ። ላለማቻኮል።"

አስረዳኋት። "በትሕትና የተያዘ ሰው ገና ዛሬ አየሁ" አለች። ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው። "የቆመበት ምክንያት ይላል። ሠራተኛ፣ በሽተኛ፣ ነጋዴ። የቱ ነው?"

"ቀያሽ ነው። የሥራ ባልደረባዬ።"

"ባልደረባ የሚል የለም።"

"ጓደኛስ?"

"አባባ፣ ጓደኛ የሚል ቢኖር ሁሉም ጓደኛ ነኝ ይል ነበር።"

ክፉ ልጅ አይደለችም። እርሻ እንዳለኝ ስታውቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሠራተኛዬ ነው፣ አሠሪውን ሲጠብቅ ነው ብለው ይፈርሙ። እሱም ይፈርም። ምልክቱ ይነሳለታል፣ የስድስት ወር ፈቃድም ያገኛል።"

ቅጹን ይዤ መጣሁ።

ኤፕሪል 5፣ ረቡዕ

ዙሄር በሙያው ከእኔ ይበልጣል። ይህን አውቃለሁ፣ ነግሬው ግን አላውቅም።

ቅጹን በስልክ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ስንት ዓመት ሠራሁልህ?"

"ዙሄር…"

"ቅጹ ይጠይቃል ወይ ነው ያልኩህ።"

"ይጠይቃል።"

"ስድስት ብለህ ሙላው።"

ኤፕሪል 18፣ ማክሰኞ

ፈርመናል፣ ምልክቱ ተነስቷል። ፋዲያ መድኃኒቷን አገኘች። ዙሄር አብሯት ነበር። ተመስገን።

ኤፕሪል 27፣ ሐሙስ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዙሄር በራፌ ላይ። የሥራ ልብስ ለብሷል፣ ምሳውን በፌስታል ቋጥሯል። ለካ በስድስት ዓመት ቤቴን አይቶት አያውቅም።

"ምነው?"

"ሠራተኛህ ነኝ። የፈረምኩትን ውሸት አላደርገውም።"

መሰላል ይዞ ፕሪሞቹ ላይ ወጣ፤ ቀሪው እንዲወፍር የበዛውን ፍሬ እያራገፈ ያሳሳ ጀመር። አብሬው ልሠራ ስል "ተቀመጥ" አለኝ። "አሠሪ መሰላል አይወጣም።"

ያን ቅርንጫፍ ተወው ስለው፣ እሺ። እረፍት አድርግ ስለው፣ እሺ። ስድስት ዓመት አንዴም እሺ ብሎኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሜይ 2፣ ማክሰኞ

ስለ ካርታው አነሳሁለት። "እንዳልክ" አለ።

ሜይ 4፣ ሐሙስ

ዙሄር እኔ ጋ የተወውን ካርታ ዘረጋሁ። መስመሩን ሳብኩት፣ ምንጩን ለእነሱ ሰጠሁ። አንድ ኪሎሜትር ተኩሉ በአንድ ቁጭታ አለቀ። ፈረምኩ። ቀለል አለኝ። ይሄን ያህል ቀላል ከነበረ ስድስት ዓመት ምን ስንሠራ ከረምን?

ሜይ 11፣ ሐሙስ

ከትናንት ወዲያ ፋዲያን አሳክሟት መጥቷል። ደህና ናት።

ካርታውን መሰላሉ ሥር አሳየሁት። አየው። ከመሰላሉ ወረደ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የፈለግከው።"

"ስድስት ዓመት ስትከለክለኝ ከርመህ ዛሬ ምን ተገኘ? አሳዘንኩህ?"

አዎ፣ አሳዝኖኛል። አፍሬያለሁም።

"ሰው አዝኖ የሰጠውን ሲናደድ ይነጥቃል። ላጲስ አምጣ።"

አመጣሁ። መስመሩን አጠፋው። ፊርማዬንም ጭምር።

"ምንጩ የእናንተ የሚሆንበት ምክንያት ካለህ አሁን ተናገር።"

ተናገርኩ። ተዳፋቱን፣ የድሮውን ቦይ፣ የእኛን የውኃ ቧንቧ። "የማይረባ ወሬ!" አለኝ። "በዚያ ተዳፋት እኮ ውኃው የሚወርደው ወደ እኛ ነው፣ ዓይን የለህም?" እኔም ጮህኩ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ሠራተኛዬ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ቀስሮ ሲጮህብኝ አየ።

"ልምጣ እንዴ?" አለኝ።

"አያስፈልግም፣ እየሠራን ነው።"

ደስ አለኝ። ደንቆሮ እስከ መባል ደርሼ ደስ አለኝ። በሙያው እንደሚበልጠኝም ነገርኩት። "እሱን ተወውና ቦዩን አሳየኝ" አለ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንነታረክ ዋልን። አርባ ሜትር ተስማማን፣ ሁለታችንም ፈረምን። ፕሪሙ እንዳለ ዋለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ፌስታሉን አንስቶ ሄደ፤ ኬላው ላይ አሁንም ሠራተኛ ሆኖ ነው የሚያልፈው።

አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ ሜትር ይቀረናል።