የቶፊ ፍራሽ

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 5፣ ጠዋት

ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ተኩል። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ካስጠጋሁት፣ ወንበሮቹን በሙሉ በግድግዳው ዙሪያ ካሰለፍኳቸው፣ መሀሉ ለአንድ ትልቅ ውሻ መተላለፊያ ይበቃል።

አንቺ ደብተር፣ አትሳቂ። አዎ፣ ለውሻ ነው ቢሮ የማሰናዳው። እዚህ በስደት፣ ሂልብሮው ሰፈር፣ በቤ/ክ ምድር ቤት፣ ሰው በማማክርበት ክፍል፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቶፊ የምትባል የሠለጠነች ውሻ ትመጣለች። ሥራዋ ከተጨነቀ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነው። ባለቤቷ ሄስተር ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሁሉም ታኒ ይላታል፣ በአፍሪካንስ አክስቴ እንደማለት። በነፃ ነው የምታመጣት።

ይህን ሁሉ የምለፋው ለአንድ ሰው ነው። ለኤርሲዶ። ጻካኔ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው፣ እንደኔው የሆሳዕና ልጅ። ጃንዋሪ ላይ አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሙ በኮቪድ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቃል እያጠረው ሄዶ አሁን ጭራሽ ዝም ብሏል። ሚስቱ አልማዝ ስድስት ጊዜ አመጣችው። ስድስቴም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ወለሉን ሲያይ ዋለ። ዛሬ ደውላ ቁርጡን ነገረችኝ። በዚህ ወር ለውጥ ካላየች ሱቁን ዘግታ አገር ቤት ትወስደዋለች። እዚያ ማን አለው? እናት አባት የሉም። ያሳደገው ያው የሞተው ወንድሙ ነው። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 7

የታኒ ዝርዝር። የማያንሸራትት ምንጣፍ (ሴራሚኩ ላይ እግሯ ይከዳታል)። ከባድ የውሃ ሳህን። ሲደክማት ገለል የምትልበት መኝታ፤ እዚያ ሳለች ማንም አይነካትም። ሳኒታይዘር የተቀባ እጅ እስኪደርቅ መጠበቅ። በር ላይ ማስታወቂያ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በዙሉ። ዙሉውን የጻፈልኝ የሕንፃው ዘበኛ ነው። ውሻ ቀጥራችሁ እኔን ልታባርሩ ነው ወይ ብሎ ሳቀ።

የውሻ መኝታ ዋጋ ጠየቅሁ። በዚያ ዋጋ እኔም ተኝቼ አላውቅም። ፎም ነጋዴው ጋ ሄድኩ። ቆርጠህ አሳንስልኝ ብለው፣ ፍራሽ አይቆረጥም ብሎ ሙጭጭ። የአንድ ሰው ፍራሽ ተሸክሜ በእግሬ መጣሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ። ቡናማ ልብስ ሰፋሁለትና ጥጉ ላይ አነጠፍኩት። አምሯል።

ጋሽ ማቴዎስ ብቅ አሉ። ከቤ/ክ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፣ የክፍሉ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። የውሻ ቦታ ከበር ውጭ ነው አሉ፤ ጥቅስም ጠቀሱ። የሥልጠና መመሪያዬን ከፍቼ ስለ ውሻ የሚለውን ገጽ አሳየኋቸው። አላዩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሳቸው ጥቅሳቸውን፣ እኔ መመሪያዬን። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ተፈቀደልኝ። አንድ ብቻ። ኤርሲዶ ላይ ካልሠራ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 11፣ ከሰዓት

ሙከራ። ታኒ ገና ከበሩ አፍንጫዋን ያዘች፣ በማስኩ ላይ። በረኪና! እንግዳ ይመጣል ብዬ ወለሉን ሦስት ጊዜ አጥቤው ነበር። ለውሻ አፍንጫ ቅጣት ነው አለችኝ። መስኮት ከፈትን፣ በንጹህ ውሃ እንደገና አጠብኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቶፊ ምንጣፉን አሸተተች፣ ሳህኑን አሸተተች፣ ፍራሹ ላይ ዞር ዞር ብላ ተጋደመች። ታኒ ጸደቀ አለች።

ሆሳዕና ውሻችን ውጭ ነበር የሚያድረው። ወደ ቤት ብቅ ካለ ጫማ ይወረወርበታል። ዛሬ የቶፊን ጆሮ ዳሰስኩ። ይሞቃል። ሰላምታ በክርን ከሆነ ወዲህ ማንን ነካሁ? አላስታውስም። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሆዴ ባባ። ይበቃል፣ ነገ ሥራ አለ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 12

በቅደም ተከተል ለመጻፍ ልሞክር።

ረፋዱ ላይ አልማዝና ኤርሲዶ ደረሱ። ቶፊ ከታኒ እግር ሥር ቁጭ ብላለች። እቅዱ ቀላል ነው። ኤርሲዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ፈቃዱን እጠይቃለሁ፣ ከፈቀደ ቶፊ ቀስ ብላ ትቀርበዋለች።

ገባ። በግድግዳው ዙሪያ የተሰለፉትን ወንበሮች አየ። ጥግ ያለውን ፍራሽ አየ። ቆመ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ሄዶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ።

ታኒ አፈጠጠችብኝ። የውሻዋ ቦታ ነዋ። እኔም የውሻ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ዞር ስል አልማዝ አፏን በሻርፗ ይዛ ታለቅሳለች። ያኔ ገባኝ። ያሰናዳሁት ለቅሶ ቤት ነው። ወንበር ዙሪያውን፣ ለሐዘንተኛው መሬት ላይ ፍራሽ። ሳምንት ሙሉ ስለካና ስሰፋ ከርሜ፣ የሆሳዕና ልጅ ሆኜ፣ አላየሁትም። ኤርሲዶ በመጨረሻ ለወንድሙ ፍራሽ የተነጠፈ መስሎታል።

እንደ ለቀስተኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አልማዝም ተቀመጠች። ታኒም፣ ምንም ሳይገባት።

ቶፊ ጥቂት ጠበቀችና ወደ ቦታዋ ሄደች። ታኒ ልትጠራት ስትል ፍራሹ ላይ ወጥታ ከጎኑ ተጋደመች። አልሸሸም። እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ከዚያ የወንድሙን ስም ጠራ።

በሀዲይኛ አለቀሰ፣ ጮክ ብሎ፣ እየዘረዘረ። ወንድሙ አዝሎ ወንዙን አሻግሮ ት/ቤት ያደርሰው እንደነበር። ወደዚህ አገር ሲመጣ በሬውን ሸጦ እንደሸኘው። ሲቀበር እሱ ራሱ ታሞ፣ ከሱቁ ኋላ ተዘግቶበት፣ በስልክ እንዳየው። ፕላስቲክ የለበሱ አራት ሰዎች ብቻ። ማንም አልመጣም፣ አለ። ቤቴ ማንም አልመጣም።

መመሪያው አማካሪ አያልቅስ ይላል። አለቀስኩ።

ጋሽ ማቴዎስ ጩኸቱን ሰምተው፣ ውሻ ነከሰችው ብለው እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ገብተው ከቶፊ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተነሳም።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 14

ስለ ማክሰኞው የምሞላው ፎርም ላይ «የውሻዋ አስተዋጽኦ» የሚል ቦታ አለ። ባዶ ነው። ምን ብዬ ልሙላው?

ለታኒ ነገሩን አስረዳኋት። ለቶፊ ሌላ መኝታ ከቤቷ ታመጣለች።

አልማዝ ደወለች። ትላንት በልቷል፣ ትንሽ። ሱቁን አልከፈተም። ተአምር የለም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፣ ደብተሬ። የጃንዋሪ መልእክቴን ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ከሥሩ የተጣመሩ እጆች ሥዕል። ለቅሶ የደረስኩት በዚያ ነው። ያኔ እገዳ ነበር፣ እሺ። ከተነሳ ወዲህስ? ሁለት ሰርግ ሄጃለሁ። እሱን ግን ቀጠሮ ሰጥቼ ቢሮዬ ድረስ አስመጣሁት፣ ስድስት ጊዜ፣ በሁለት ታክሲ። ማንም አልመጣም ሲል እኔንም ነው። አፈርኩ።

ጋሽ ማቴዎስ ጋ ሄድኩ። ስለ ቶፊ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። እሳቸውም የላኩት ያንኑ ነው፣ ከነሥዕሉ። ልጄ፣ አጥፍተናል፣ አሉኝ።

ስለዚህ ውሳኔ። የማክሰኞው ቀጠሮ ቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት ጻካኔ እንሄዳለን፣ በጋሽ ማቴዎስ መኪና። የቤ/ክ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ። ማስክ አድርገን፣ መስኮት ከፍተን፣ እንደ ወጉ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ለአልማዝ ነገርኳት።

ይህን እየጻፍኩ ስልኩ ጮኸ። ኤርሲዶ ነው፣ በራሱ ስልክ። ድምፁ ሻክሯል። ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት፣ አለ።

ሁላችንም፣ አልኩት።