አንድ ሰው ብቻ

አዲስ አበባ ለምትኖሪው እህቴ ለሣራ ይድረስ። ንፋስ መውጫ ያለነው ሁላችንም እንደምን ከርመሻል እንልሻለን። «ሁላችንም» ስል ታናሻችን ኪዳን እንደሌለበት ታውቂያለሽ።

የኪዳን የአርባ ተዝካሩ ወጣ። ሰዎች «ስለ ጥርስ የምታጠናው እህቱስ?» ሲሉኝ «ጥናት እያነበበች ነው» አልኳቸው። አጎታችን ገብረ መድኅን «አንብባ እስክትጨርስ እኛ በድዳችን እንቀራለን» ብለው ሰውን አሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በስልክ የነገርሽኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትዝ አለኝ። ስለ ጥርስ ሕመም የተጻፉትን ጥናቶች ሲያጣራ፣ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ብቻ የያዘውን ይጥለዋል ብለሽኝ ነበር። ኪዳንም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጥርሱ አመርቅዞ መንጋጋው ሲያብጥ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ «በረደኝ» አለን፤ እኛም አመንነው።

ትምህርቴ ደህና ነው። ገብሱም ታጭዷል። እማዬ ሰላም ብላሻለች። የሐዘን ነጠላዋን ግራ ጉንጯ ላይ ስባ እንደያዘች ነው፤ ሐዘንተኛ ናትና ማንም ግለጪ አይላትም። ቆሎ ትታ አጥሚት ብቻ ትጠጣለች። ትናንት ለምን እንደምትከናነብ ብጠይቃት «በረደኝ» አለችኝ።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፤ ንባብሽን ግን ያሳጥርልሽ።

ወንድምሽ እሱባለው