የላዛሮ ድስት

ልጄ መቅሊት፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ የእኔም ቪዛ ስለደረሰ ላርስሽ ሲያትል እመጣለሁ።

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ፣ ከጧት ጀምሮ የተጣደው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ምን አለ ብልሽ «ቦሎቄ በበሬ ሥጋ» አልሽኝ። ባልሽ ላዛሮ ደግሞ፣ ምስኪን፣ ደስ ሊያሰኘኝ ክዳኑን ከፍቶ «ኩባን ፖርክ!» አለኝ። ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርሽው። ፖርክ ምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ከአሳማው ይልቅ ያንገበገበኝ ውሸትሽ ነው።

ለአባትሽ ትንፍሽ አላልኩም። ከሥራ ስትገቡ የደረሰ ራት እንደሚጠብቃችሁ ነግረሽኛል፤ ግን ባዶ ቤት ድስት ጥዶ መውጣት ያስፈራኛል፣ ተዪው። እኔ እንደሆነ አሳማ በአፌ አይዞርም፤ ገንፎሽንም በዚያ ድስት አልገነፋም። የራሴን ድስት በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ፤ በርበሬውን ቀንሼ ቦታ አስለቅቄለታለሁ።

ላዛሮን ሰላም በይልኝ፤ በገዛ ቤቱ ምግቡን እንዳታስደብቂው። አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ የልጅሽን ዓይን ያሳየኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስመጣ ድስቱን ከፊቴ አታንሺው። ገመና የሚሸፈነው ከእንግዳ ነው። እኔ እናትሽ ነኝ።