ከጢያ ወዲያ ያለው ጉድጓድ

ለቡ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

በጌታ ፍቅር እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅዳሜ ገበያ የምትወርጂው አሁንም በእግርሽ ነው ወይስ እንደተነጋገርነው በባጃጅ? በባጃጅ እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ ልጠይቅ ብዬ ነው። የጓሮው እንሰት፣ ላሟ፣ የጸሎት ቡድናችሁ እናቶች ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም እገባለሁ። ግን ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት ደህና ነኝ ለማለት ብቻ አይደለም።

ለምን አትደውልም ትይኝ ይሆናል። በስልክ ስንገናኝ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ ካርድህ አለቀ ልጄ ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ፓኬጅ ነው፣ አያልቅም ብልሽም አታምኚኝም። ደግሞ ይህን ነገር በስልክ ብጀምረው ድምፄ ይከዳኛል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ወሬው ሳይነገር ይቀራል። ወረቀት አይዘጋም። አንቺም እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስን ያለ መነጽር የምታነቢ ሴት ስለሆንሽ ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ነገሩ ለያሆዴ በዓል ስለቀረሁበት ጉዳይ ነው። ሠላሳ ሰው በሳይክል አስከትዬ ሆሳዕና ደጃፍሽ ድረስ እመጣለሁ አልኩሽ። አንቺም አምነሽኝ ለሠላሳ ሰው የቡላና የቅቤ አታካና አሰናዳሽ፣ ከጎረቤት ወንበር ለምነሽ ግቢው ውስጥ ደረደርሽ። እስኪመሽ ድረስ አስፋልቱ ዳር ቆመሽ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። በማግስቱ ደውዬ የመኪናችን ጎማ ፈንድቶ ተመለስን አልኩሽ። አንቺም ምንም አይደል፣ ሰው ይትረፍ እንጂ ጎማ ይተካል አልሽኝ። እማዬ፣ ምንም ጎማ አልፈነዳም። ሰው ነው የወደቀው። የወደቀችውም በእኔ ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የሳይክል ቡድናችንን የሚመራው እስጢፋኖስ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከለቡ ተነስተን አንዴ ወደ ቱሉ ቦሎ፣ አንዴ ወደ አዋሽ ድልድይ እንወጣለን። በዓመት አንዴ ደግሞ ሁለት ቀን የሚፈጅ ረጅም ጉዞ አለን፤ የዘንድሮው ወደ ሆሳዕና እንዲሆን ለምኜ ያስወሰንኩት እኔ ነኝ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሴራሚክ ሳነጥፍ በጉልበቴ እየተንፏቀቅሁ ነው የምውለው። ዓለም ገናን አልፈን የጤፉ ማሳ ሲጀምር ወገቤ ቀና ይላል፤ ከዚያ በኋላ የለቡ አቧራም፣ የፎርማን ጩኸትም ትዝ አይለኝም። ደስታዬ እሱ ብቻ ነበር ብልሽ ማጋነን አይደለም።

አካሄዳችን እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ሰው ኋላ፣ ጎማ ለጎማ ሊነካካ ምንም ሳይቀረው እንሰለፋለን፤ እንዲህ ሲሆን ፊተኛው ነፋሱን ይከላከላል። ታዲያ መንገዱን የሚያየው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሌላው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ሲመጣ ፊተኛው እጁን ጉድጓዱ ባለበት በኩል ወደ ታች ዘርግቶ ያመለክታል። ሁለተኛው ያንኑ ለሦስተኛው ይሰጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሠላሳኛው ይደርሳል። መጮህ የለም፤ በነፋሱና በአይሱዙው ድምፅ ማንም ማንንም አይሰማም። ነፍሳችን ያለችው በፊታችን ባለው ሰው እጅ ላይ ነው። ሰው ከወደቀ ደግሞ ሁላችንም እንወርድና እስጢፋኖስ ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ሰጥተሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰጥቻለሁ ይላል። ጥያቄው እስከ ወደቀው ሰው ድረስ ከዘለቀ ጥፋቱ የወደቀው ነው፤ ባለማየቱ አንድ ዓመት ከረጅም ጉዞ ይታገዳል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር አለ። መጀመሪያ ሲመሽ ብቻ ነበር። ዳፍንት ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ከሥጋ ቤት ጉበት እየገዛሁ በላሁ፤ ጉበት ማየት እስኪያስጠላኝ ድረስ በላሁ። አልተሻለኝም። ከዚያ በቀንም አጠገቤ ያለውን ባልዲ በእግሬ እደፋ ጀመር፤ ፎርማኑ ዓይንህ የት ነው እያለ ይሰድበኛል። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወረቀት ጠቅልለሽ በቀዳዳው ብታዪ መሐሉ ጥርት ብሎ ይታይሻል፣ ዳርና ዳሩ ግን የለም፤ የእኔ ዓይን እንደዚያ ነው። ቀዳዳው በየዓመቱ ይጠብባል፣ መጨረሻም ይዘጋል፤ ለጊዜው መድኃኒት የለውም አለኝ። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት። ደረጃውን ስወርድ ነው ዓይነ ስውሩ አጎቴ ሄራሞ ትዝ ያለኝ።

በሰልፉ ውስጥ ሙጫ ይሉኛል። የፊተኛውን ጎማ የሙጥኝ ብዬ ስለምሄድ፣ ምልክትም ስቼ ስለማላውቅ ጎበዝ መስያቸው ነው። እኔ ግን እጁን አይቼ አላውቅም እማዬ፤ እጁ ዳር ላይ ነው፣ እኔ ዳር የለኝም። የማየው ትከሻውን ነበር። እጁ ሲወርድ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ቀኙ ዝቅ ካለ በቀኝ፣ ግራው ዝቅ ካለ በግራ እሰጣለሁ። እንዲህ አድርጌ ከዓመት በላይ ሸወድኳቸው። ሐኪሙ የነገረኝ ጊዜ መተው ነበረብኝ። መተው አቃተኝ። ፊትሽን ከሩቅ ለይቼ ማየት ሳልችል ከመቅረቴ በፊት በራሴ እግር እየነዳሁ ደጃፍሽ ልደርስ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ራኬብን አታውቂያትም። ጎፋ ፀጉር ቤት አላት። ሹሩባ ስትሠራ ከፍጥነቷ የተነሳ እጇ ላይ ዓይን አያርፍም ይላሉ፤ ለሠርግ የሚመጡ ሙሽሮች ተራ የሚይዙት ከወር በፊት ነበር። ከእኛ ጋር መሄድ የጀመረችው ዓምና ነው። ሁልጊዜ ከእኔ ኋላ ካልሆነች አትሄድም፤ ከሙጫ ኋላ ያለ ሰው አይወድቅም እያለች ቦታዋን ለማንም አትለቅም።

ያን ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከለቡ ወጣን፤ ቡታጅራ ልናድር ነው። አዋሽን ተሻግረን ሻይ ጠጣን። ጢያን እንዳለፍን ወደ ቡኢ አቅጣጫ ማካፋት ጀመረ። ከፊቴ ያለው ልጅ ከቦርሳው ሰፊ የዝናብ ልብስ አውጥቶ ለበሰ። ነፋሱ ገብቶበት ጀርባው ላይ ተነፋ፤ ትከሻው ጠፋኝ። ያን ጊዜ ከሰልፉ ወጥቼ ደክሞኛል፣ ከኋላ የሚከተለን መኪና ላይ እወጣለሁ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ትንሽ ይካፋና ያቆማል አልኩ፣ ቡኢ ደርሰናል አልኩ፣ ዝም አልኩ። ጉድጓዱን እኔም አላየሁትም፤ ጎማውን ተከትዬ ስለነበር በጠርዙ አለፍኩ። ከኋላዬ የብረት ድምፅ ሰማሁ። እሷ አልጮኸችም።

ወረድን። እስጢፋኖስ ከፊት ጀምሮ ጠየቀ። ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቻለሁ እያሉ መጡ። የዝናብ ልብስ የለበሰው ልጅም ሰጥቻለሁ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሰጥቶ ነበር። እኔ ዘንድ ደረሰ። ሰጥቻለሁ አልኩ።

እንዴት እንዳልኩት አትጠይቂኝ። ዋሽቼ ለማምለጥ አስቤ እንኳ አልነበረም። አልሰጠሁም ብል ለምን ይመጣል፣ ለምን ሲመጣ ዓይኔ ይመጣል፤ ሠላሳ ሰው መሐል አስፋልት ላይ ቆሜ ልታወር ነው ማለት ሆነብኝ። ራኬብ ክንዷን ከሥሯ አድርጋ መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ነበረች። እስጢፋኖስ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አይተሽው ነበር ወይ አላት። ምልክት አላየሁም አለች። ጉዟችሁን አበላሸሁባችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ብላ ሁሉንም ለመነች። እኔንም ለመነችኝ። ምንም አይደል አልኳት።

ግራ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ብረት ገባለት፣ አጥንቱም ገጠመ፤ ግን ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም። በሦስት ጣት ሹሩባ አይያዝም። ወንበሯን ለሌላ ልጅ ለቃ አሁን ራስ ታጥባለች። ቡድኑም ደንቡ ደንብ ነው ብሎ አገዳት። አራት ጊዜ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። አራቱንም ጊዜ ደረጃው ላይ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ወጣሁ፣ አራቱንም ጊዜ ስለ ሴራሚክ ዋጋ አውርቼ ወረድኩ። ሳይክሌን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። እስጢፋኖስ ለምን ቀረህ ሲለኝ ጉልበቴን እላለሁ፤ ያንቺን በሽታ ተውሼ ማለት ነው።

ምን እንደማደርግ አላውቅም እማዬ። ዓይኔን ማቆም አልችልም፣ ጣቶቿን መመለስ አልችልም። አንቺ ይህን ስታነቢ የጸሎት ቡድኑን ጠርተሽ ጾም እንደምታውጂ አውቃለሁ። ጸልዩልኝ፣ እምቢ አልልም፤ ግን ከተቻለሽ ጣቶቿን ከእኔ ዓይን አስቀድሙልኝ። ደግሞ አጎቴ ሄራሞን ንገሪኝ። ቅርንጫፍ ወጋው እያላችሁ ነበር ያሳደጋችሁን። እውነት ቅርንጫፍ ነበር? ወይስ እሱም መጀመሪያ ሲመሽ ብቻ ነበር? ከዚያ እጁን ይዘሽ መሄድ እስክትጀምሪ ስንት ዓመት ቆየ? ልጅ ሆነን ለሳቅ ብለን በርጩማውን እናርቅበት ነበር። አንድ ቀን ያራቅሁት እኔ ነኝ። ወድቆ ተነሳና ማነው ሳይል ልብሱን አራገፈ። ይህንም እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ልጄ ጽሕፈቱ እንዴት አማረለት ብለሽ እየተገረምሽ ይሆናል። የእኔ አይደለም። ሦስት ቀን በራሴ ሞከርኩ፤ አንዱን መስመር ስጨርስ የሚቀጥለውን መጀመሪያ አጣዋለሁ፣ በጻፍኩት ላይ መልሼ እጽፋለሁ። ቀድጄ ጣልኩት። ዛሬ ከቸርች በኋላ ራኬብ ጠፋህብን ብላ ልትጠይቀኝ ለቡ ድረስ መጣች። ለእናቴ ደብዳቤ ጻፊልኝ አልኳት። ቀኝ እጄ ደህና ነው፣ ሥራም ፈቷል ብላ ስቃ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የጻፈችው እሷ ናት። ፊት ለፊት ልነግራት ያልቻልኩትን ላንቺ ስነግር ሰማችው። ይህ ድፍረት ነው እንዳልል ድፍረት አይደለም።

ሰጥቻለሁ አልኩ የሚለው ላይ ስንደርስ ብዕሩ ቆመ። አጠገቤ ናት፣ ግን እኔ የሚታየኝ የብዕሩ ጫፍና ወረቀቱ ብቻ ነው። አንገቴን ትንሽ ባዞር ፊቷን አገኘው ነበር። ማዞር አቃተኝ። ውጭ ረዳቱ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ይላል፤ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፣ ሌላ መጣ። ከዚያ ቀጥል አለችኝ። ይህንንም ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው። እስካሁን ፊቷን አላየሁም።

መልስሽን ለእህቴ ነግረሽ አስጽፊና ላኪልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልኝ፣ ጌታ ልብሽን ያጽናልኝ። እኔንም እንዳትረግሚኝ።

ልጅሽ

እናቴ፣ እንደምን አሉ? ጸሐፊዋ ነኝ። ካለው ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ይህችን ግን ሳልነግረው ነው የምጽፋት፤ ፖስታውን የማሽገው እኔ ስለሆንኩ አያውቅም። ያን ቀን ከጢያ ጀምሮ ጉድጓዱ ውስጥ እስክገባ ድረስ ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሳሁም ነበር።

የልጅዎ ጓደኛ