በሦስተኛው ኖዝል ሥር ሁለት ሮንዴላ

አባዬ፣ አንተን ነው የምጠራው! ሰባት ወር ሙሉ ዝም አልከኝ። ዛሬ ግን ተኝተህም ቢሆን ትሰማኛለህ።

ቤቱ ደህና ነው። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ላንድክሩዘርህ ግን ካንተ በኋላ አልሆነላትም። ጠዋት ጠዋት ፈላና በር ላይ ሳስነሳት ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ የደንገጎን ዳገት እየለመንኳት ነው የምትወጣው። የድሮ ደንበኛህ ሐጂ ዩሱፍ፣ "ወላሂ ልጄ፣ ይቺም እንደኔ ጉልበቷን ያማታል" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

የልብ ጓደኛህ፣ መካኒኩ ጋሽ ንጉሤ፣ ሸዋ በር ሚኒባስ ተራ ላይ ቆመው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሟቹ ናፍታ ላይ ላምባ እየቀላቀለ የናፍታ ፖምፓውን ገድሎት ነው የሄደው።" ሾፌሩ ሁሉ ሳቀ። አንተን! ናፍታ በእማዬ ነጠላ ቁራጭ አጥልለህ የምትቀዳውን! በስንት ነጠላ ስንት ቀን እንደተኮረፍክ ሰፈሩ ያውቃል።

እኔ መካኒክነት ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ካንተ ጎን ኮፈን ሥር ተደፍቼ ነው ያየሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ቀስ ብሎ እንዲዞር ሚኒሞ ላይ ትቼ፣ ናፍታ ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚወስዱትን ቱቦዎች ማሰሪያ ዳዶ ተራ በተራ አላላሁ። አንደኛውን ሳላላ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ እሱ ጤነኛ ነው። ሁለተኛውም እንደዛው። ሦስተኛውን አላላሁ፣ ምንም! ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም። የማይሠራው እሱ ነው። ፖምፓው ሞተ የተባለው ደግሞ ናፍታውን እጄ ላይ ይረጫል!

እዛው ቆሜ ህልም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ፀሐይዋ የከተማው ግንብ ላይ ተኝታለች፤ አንተ ካቻቢቴህን ሞተሩ ላይ ተክለህ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጣለህ። ያኔ ትዝ አለኝ። ልትለየን ሳምንት ሲቀርህ፣ ጋሽ ንጉሤ ኖዝሎቹን አጥበው መኪናዋን ግቢ ሲያስገቧት፣ አልጋህ ላይ ሆነህ ሦስት ጣት አነሳህ። አንደበትህ ተይዞ ነበር። እኛ ሞኞቹ "ሥላሴን እየጠራ ነው" ብለን የንስሐ አባትህን አስመጣን! እሳቸው ጸሎት እየደገሙልህ አንተ ጣትህን አላጠፍክም፤ ዓይንህ በመስኮት ወደ መኪናዋ ነበር። ይቅር በለን አባዬ።

ሦስተኛውን ኖዝል ፈታሁ። ሥሩ ትንፋሽ እንዳያመልጥ እንደ ቀለበት ያለች አንድ የመዳብ ሮንዴላ ናት የምትቀመጠው፤ እኔ ሁለት አገኘሁ። አሮጌውን ከቀዳዳው ሳያወጡ አዲሱን ላዩ ላይ ጭነውበታል! ኖዝሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ የሞተሩ ትንፋሽ በጎኑ ሲያመልጥ ከረመ። ሁለቱንም አወጣሁ፣ አንድ አዲስ አድርጌ አጠበቅኩና አስነሳሁ።

ድምጿ አባዬ! በልጅነቴ ጠዋት አንተ ስታሞቃት፣ እኔን መልሳ የምታስተኛኝ ያቺው ድምፅ። እማዬ ከጓዳ ሮጣ ወጣችና "መጣ እንዴ?" አለች።

አልረሳህም። ሁለቱን ሮንዴላዎች በክር አስሬ የመኪናዋ የውስጥ መስታወት ላይ ሰቅያቸዋለሁ፤ ዳገቱን ስወጣ እየተጋጩ ያዋሩኛል።

እርስዎ ጋሽ ንጉሤ ግን፣ ይቺን ደብዳቤ ሚኒባስ ተራው ላይ አስነብባታለሁ። አባቴን ያሙት ሰው ፊት ነው። እዛው ሰው ፊት ቆመው ይመልሱ፦ አሮጌውን ሮንዴላ እዛ ውስጥ የተወው ማነው?